ሜሮኑ በማን እጅ ተሻገረ

በእኛ አገር በመንዝ ከሩቅ የተመለሰ ሰው መንገዱን በየዝክሩ ያወራል። መሪጌታ ዘለቀም ከኬንያ እንደተመለሰ በየማኅበሩ ጠላ እየተቀዳለት አውርቷል። እኔ ከእሱ አራት ዓመት ዘግይቼ ስመለስ ወሬው ከሞላሌ ቀየት፣ ከቀየት ግሼ ደርሶ ጠበቀኝ። «የቄሱ ሚስት ሜሮኑን በእጇ ይዛ አረከሰችው» የሚል ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ሳልጠየቅም አልተናገርኩም። ባለቤቴ አርፈዋል። መሪጌታ ግን ዛሬም አለ፣ ዓይኑም ደህና ስለሆነ ማንበብ ይችላል። ያንን መንገድ የማያዩት ብዙዎች ናቸውና ከነአዳሩ፣ ከነምግቡ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ፤ ከሞላሌ እስከ ደብረ ብርሃን

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ወሩ ኅዳር፣ የነቢያት ጾም ገብቷል። ባለቤቴ ቄስ ወልደ ሰማዕት የተላኩት ኬንያ ውስጥ ያሉ አዲስ አማኞችን እንዲያስተምሩና እንዲያጠምቁ ነበር። በንግድ እዚያ የገቡ ጥቂት ሰዎቻችን የአገሩን ሴቶች አግብተው፣ ጎረቤትም አብሮ መማር ጀምሮ፣ «ቄስ ላኩልን» ብለው ጻፉ። ቄስ ያለ ሚስቱ ለዓመታት ርቆ ቢኖር ለሐሜት ነው ተባለና እኔም ተጨመርኩ። ትወጂያለሽ ወይ ያለኝ ሰው አልነበረም። መሪጌታ ዘለቀ ደግሞ ዜማ አዋቂ ነው፤ በድቁና እንዲያግዝ ሦስተኛ ሆነ።

ሁለት የበግ ጸጉር ባና፣ አንድ አቁማዳ በሶ፣ ቆሎ፣ መጻሕፍትና ልብሰ ተክህኖ ይዘናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ባለቤቴ አንገት ላይ ነበር። ጣት በምታክል ጠርሙስ ያለ ቅብዐ ሜሮን ነው፤ በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ፣ በክር ተንጠልጥሏል። የተጠመቀ ሰው በሜሮን ካልታተመ ጥምቀቱ አይፈጸምለትም። ሜሮንን የሚነካው ባለ ክህነት ብቻ ነው፤ ይህን በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል።

ጣርማ በር ሳንደርስ የሎንችናው ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ «ውረዱ፣ ድንጋይ አቀብሉ» አለ። ሁሉ ወረደ፤ ባለቤቴም ካባቸውን አውልቀው ድንጋይ ተሸከሙ። መሪጌታ ብቻ ከወንበሩ አልተነሣም።

«መሪጌታ፣ እርስዎስ?» አለችው ዶሮ የያዘች ሴት።

«እኔ ልብሰ ተክህኖውን እጠብቃለሁ።»

«ማን ሊለብሰው ነው እዚህ ጉም ውስጥ?» አለችና ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ ገና ብዙ መንገድ አብረን እንደምንሄድ አሰብኩ።

ደብረ ብርሃን ያደርንበት ቤት አልጋው ጠባብ፣ ብርዱ ግን የእኛው ብርድ ነበር። ባለቤቲቱ የቄስ እግር ካላጠብኩ ብላ የሞቀ ውኃ አመጣች፤ የእኔንም አጠበችው። እግሬን ሌላ ሰው ሲያጥበው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ዘጠኝ ቀን በአዲስ አበባ

ማክሰኞ ገብተን፣ ከረቡዕ ጀምሮ ዘጠኝ ቀን የመውጫ ፈቃድ ስንጠብቅ፣ ለእንግዳ ማረፊያ በተሰጠን ክፍል ተኛን። ፍራሹ ከእኛ በፊት ስንት ሰው እንዳስተኛ እግዚአብሔር ይወቅ። በየጥዋቱ አንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ላይ እንሰለፋለን። ሰው በሰው ላይ ሲተላለፍ፣ ስሙ ሲጠራ፣ ሲመለስ፣ እኔ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። በመንዝ እንኳን ሰው በግም መንገድ ይሰጣል።

በመጨረሻ ያስገባን ሹም ፎቶውንና ባለቤቴን እያስተያየ፣ «ጓድ ቄስ፣ እዚህ ያለው ሕዝብ አልቆብዎት ነው?» አላቸው።

«እነሱ ጠሩኝ እንጂ እኔ አልፈለግኋቸውም፣ ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ፣ ጓድ ይበሉኝ።»

«እሺ፣ ጓድ ልጄ።»

ሹሙ ሳይወድ ፈገግ አለና ፈረመ። ግን ጣቱን ወረቀቱ ላይ ቀስሮ፣ «በሚመጣው ረቡዕ ድንበር ካላለፋችሁ ይህ ወረቀት ዋጋ የለውም» አለ።

ዓርብ፤ እስከ ዲላ

ገና ሳይነጋ ተነሣን። የአውቶቡሱ ሾፌር ጋሽ ከድር የሚባሉ፣ ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሻሸመኔን ካለፍን በኋላ አገሩ ሁሉ እንሰት ሆነ። እኛ ገብሱን ከውርጭ አፍ ነጥቀን ስንበላ፣ እዚህ የሰው ምግብ ከጓሮ ቆሞ ይጠብቃል። ቅጠሉ የሰው ቁመት ያህላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም።

ዲላ ያደርንበት ቤት ቆጮ በጎመን ቀረበልን። መሪጌታ ሁለት ጊዜ ጎረሰና አፉን ያዘ። ቅቤ ነበረበት። ባለቤቲቱ ደንግጣ፣ «ውይ አባቶቼ፣ የዛሬውን ጾም ረስቼው!» ብላ ደረቷን መታች፤ ወዲያው በዘይት ሌላ ጎመን ሠራች። እሱ ግን እኔ ላይ ዞረ።

«አንቺ ሴት ሆነሽ አትጠይቂም ነበር?»

ሞላሌ ላይ «እርስዎ» ይለኝ ነበር። ዲላ ስንደርስ «አንቺ» ሆንኩ።

«የጎረሰው ማን ነው?» አልኩት።

ባለቤቴ አልበሉም። ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ «ራሴን ያመኛል» ብለው ቀድመውን ተኙ።

ቅዳሜ፤ ያቤሎ

ጥዋት እንደተነሣን ሰውነታቸው እንደ እሳት ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ከቀትር በፊት መቃዠት ጀመሩ፤ ማኅደሩን ከአንገታቸው ሊበጥሱ ይታገላሉ፤ እኔ እጃቸውን እይዛለሁ። ጋሽ ከድር በመስታወት አይተው አቆሙ። ፊት ያለውን ወንበር አስለቀቁልን፣ በራሳቸው ኮዳ ውኃ ሰጡ። ያቤሎ ሲደርሱ መናኸሪያውን ትተው በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ነዱ። ከኋላ የነበሩት አጉረመረሙ።

«እኛስ? እቃችንን ተሸክመን ልንመለስ ነው?»

«የታመመው የእናንተ አባት ቢሆንስ?» አሉ ጋሽ ከድር።

የክሊኒኩ ሐኪም ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ወጣት፣ እጅጌውን የሰበሰበ፣ የቸኮለ ሰው ነበር። የሸሚዛቸውን ስፌት ገልጦ አየና፣ «ግርሻ ነው። ቅማል ያመጣዋል» አለ። ወዲያው አስወለቃቸው። ጓሮው ውስጥ በርሜል ሙሉ ውኃ ይፈላል፤ ሸሚዝ፣ እጀ ጠባብ፣ ነጠላቸው፣ ሁለቱም ባናዎች ገቡ። ፀጉራቸውን ላጨ። ጺማቸውንም ላጨ። ያን ጺም ከሠርጌ ማግሥት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ክሩን በመቀስ ቆረጠና ማኅደሩን በጣቱ ጫፍ አንጠለጠለው። «ይህም ይቀቀላል።»

«ልጄ፣ ተው! እሱ የቤተ ክርስቲያን ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ቅማል ቤተ ክርስቲያን አያውቅም፣ እማማ። የሚወስደው ሰው ካለ ይውሰድ፤ ከሌለ ግን በርሜል ውስጥ ይገባል።»

መሪጌታ በሩ ላይ ቆሟል። «ተቀበለው!» አልኩት።

አልተንቀሳቀሰም። እጁን ከካባው ውስጥ አስገባ።

«መሪጌታ! ተቀበለው እንጂ!»

«አልችልም» አለ በዝግታ።

«ምን ማለት ነው አልችልም? ዲያቆን አይደለህም?»

ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «ፈርሷል። ሁለተኛ ካገባሁ ወዲህ ፈርሷል።»

እሱ ድቁናው በሁለተኛ ሚስት ፈርሶበት፣ ለሰው ግን ዲያቆን ነኝ ብሎ መጥቷል። ማሰብ የምችልበት ጊዜ አልነበረም፤ ድሬሰሩ ወደ በርሜሉ ተራምዷል። ነጠላዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ «እዚህ ላይ ጣለው» አልኩት። ጣለው። በሥጋዬ አልነካሁትም። በነጠላዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አሰርኩት።

መሪጌታ ቀረብ አለና፣ «ንጹሕ ነሽ ለመሆኑ?» አለኝ።

«እኔን ከመጠየቅህ በፊት የቀድሞ ሚስትህን ጠይቃት» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላኝ። እኔም አልወደድኩት።

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ

ክሊኒኩ አጠገብ ዳርሚ የምትባል አማርኛ የምትችል የቦረና ሴት ቤት አረፍን። የተቀቀለው ባና ከፀሐይ ሲነሣ ተኮማትሮ የሕፃን መታቀፊያ አክሏል። የመንዝ በግ ጸጉር ጓሳ ተራራ ላይ ዝናብና ውርጭ ይችላል፣ የፈላ ውኃ ግን አይችልም። ዳርሚ ስታየው እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ይህን የሚያክል ትንሽ ሰው እናንተ አገር አለ?» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሳምንት የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ወተት ሰጠችን። ጾም ነው ብዬ ስመልስ ተቀየመች መሰለኝ፤ ኋላ ግን በቆሎ ቀቅላ አመጣች፣ በየቀኑም እንዲሁ አደረገች። በወተት በሚኖርበት አገር ወተት የማይጠጣ እንግዳ መቀበል ቀላል አይደለም።

ሜሮኑን ደረቴ ላይ አስሬ ተቀምጬ አደርኩ። መተኛት ፈራሁ። ውጭ መውጣት ሲኖርብኝ ግን ምን ላድርገው? መሪጌታ አይነካም። ዳርሚ ጭንቀቴን አይታ፣ «ምንድን ነው የያዝሽው?» አለችኝ።

«የእግዚአብሔር ዘይት ነው። መሬት አይነካም።»

«ታዲያ ስቀዪው። የእግዚአብሔር ከሆነ ቤቴን ምን ያደርገዋል?» ብላ የቤቷን ምሰሶ አሳየችኝ። ከነነጠላው ሰቀልኩት። ስመለስ ከሥሩ ልጆቿን አርቃ፣ ራሷ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

ማክሰኞ ባለቤቴ ነቁ፤ ትኩሳቱ ለቀቃቸው። የመጀመሪያው ቃላቸው «ሜሮኑ?» ነበር። መሪጌታ ገበያ ሄዷል፤ ሁለታችን ብቻ ነን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የመሪጌታን ነገር ግን ትኩሳቱ እንዳይመለስባቸው ብዬ ለጊዜው ተውኩት። ማኅደሩን ላስረክባቸው ስል እጃቸውን አነሡት፤ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል።

«ይወድቅብኛል። እስክንደርስ አንቺ ያዢው» አሉኝ።

ይህን ያሉት በራሳቸው አፍ ነው። ሌላ የሰማ ሰው የለም።

ረቡዕ፤ ሞያሌ

ድሬሰሩ ስንሰናበተው አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠን። መሪጌታ ጺም ላጪ እያለ ሦስት ቀን ሲረግመው ሰንብቷል። እኔም ወረቀቱ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም ነበር፤ ሞያሌ ገባኝ።

ቀኑ ረቡዕ፣ ወረቀታችን የሚያበቃበት ነው፤ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። የኬላው መኮንን ፎቶውን አየ፤ ጺማም ቄስ። ባለቤቴን አየ፤ ጸጉርም ጺምም የሌለው፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው።

«ይህ ሰውዬ እሱ አይደለም።»

«እሳቸው ናቸው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ወደ ኋላ ቁሙ። የሰው ፓስፖርት ይዛችሁ ነው የምትሄዱት?»

መሪጌታ ሁለት እርምጃ ከእኛ ራቀ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የድሬሰሩን ወረቀት አወጣሁ። መኮንኑ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ታካሚ ጺማቸው በሕክምና ምክንያት የተላጨ መሆኑን እናረጋግጣለን።» ጓደኞቹን ጠርቶ ደግሞ አነበበላቸው። «ለጺም የምስክር ወረቀት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው!» ብሎ እየሳቀ ማኅተሙን መታ። ኬላው ከመዘጋቱ በፊት ተሻገርን።

ሐሙስና ዓርብ፤ በረሃው

ከዚያ ወዲያ በየመኪናው እየተቀያየርን ነው የሄድነው፤ መጀመሪያ በጭነት መኪና፣ ኋላ በአውቶቡስ። በግራ በኩል ይነዳሉ፤ ፊት ለፊት መኪና በመጣ ቁጥር ያለቅን ይመስለኝ ነበር። አገሩ ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዘህ የምታየው ያው ነው። ማኅደሩን እንደታቀፍኩ ጉልበቴ ደነዘዘ። አንዲት ሽፍንፍን ያለች እስላም ሴት ከጎኔ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየች፤ ከዚያ ልጇን ወደ ራሷ ስባ ለእግሬ ቦታ ለቀቀችልኝ። ቋንቋ አልነበረንም። በሶ በጥብጬ ሰጠኋት፤ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች፣ ግን ጨረሰችው።

ቅዳሜ፤ ስንደርስ

ከተማይቱ ትንሽ ናት። ሕዝቡ እልል እያለ ወጣ። ደብዳቤውን የጻፈው ነጋዴ አቶ በየነ ከፊት ነበር። ሰዎቹ የመጣውን አዩ፤ አንድ ጺማም፣ ጥምጥም ያለው፤ አንድ የተላጨ፣ የከሳ። ሁሉም መሪጌታ እግር ላይ ወደቁ።

እሱም መስቀል አወጣና አሳለማቸው።

«መሪጌታ!» አሉ ባለቤቴ።

«ሕዝቡ እንዳይደናገር ነው፣ አባ» አለ።

ምሳ ስንበላ ነው ነገሩን ያወጣው። አቶ በየነ ሃያ ሦስት ሰው ለነገ እንደተዘጋጀ፣ ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ሐኪም ተስፋ እንደቆረጠባት እየነገረን ነበር። መሪጌታ ጉሮሮውን አጠራና፣ «አዝናለሁ። ሜሮኑ በሴት እጅ ተይዞ ሰንብቷል። ሌላ ከአዲስ አበባ መጠየቅ አለበት» አለ።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለ አቶ በየነ።

«እስከ ፋሲካ ድረስ ቢመጣ ነው።»

«አሮጊቷ ፋሲካን አታይም።»

ሁሉም ባለቤቴን አዩ። እኔም አየኋቸው። «እስክንደርስ ያዢው» ያሉ ሰው ዓይናቸውን ወደ ሳህናቸው ጥለው፣ «እናስብበት» አሉ።

እናስብበት! ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖሬ ያን ያህል የከበደኝ ቃል የለም።

ከምሳ በኋላ ከቤቱ ጀርባ፣ አንድ የማላውቀው ዛፍ ሥር ለብቻቸው አገኘኋቸው። ዳር ዳር አላልኩም።

«አባ፣ መሪጌታ ድቁናው ፈርሷል። በራሱ አፍ ነግሮኛል።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ያውቃሉ?»

«ከሞላሌ ሳንነሣ አውቃለሁ። ሌላ ዜማ የሚያውቅ ሰው ማን ይምጣልኝ? ሰው ሁሉ በረሃ አልወርድም አለ።»

«እሱ በፈረሰ ድቁና መቅደስ ይገባል፣ እኔ በነጠላ የያዝኩት ረከሰ?»

እጃቸው አሁን አይንቀጠቀጥም ነበር፤ አየሁት።

«ረክሷል ካሉ ነገ በሕዝቡ ፊት ይበሉ» አልኳቸው። «አልረከሰም ካሉ ግን በሕዝቡ ፊት ከእጄ ይውሰዱት። ሁለቱንም ካላደረጉ የማውቀውን እኔ እናገራለሁ።»

ከዚያ፣ «እወስደዋለሁ» አሉ። «አንቺ ግን አርባ ቀን ከደጅ ትቆሚያለሽ። ቀኖና ነው። ሰው እንዳይሰናከል።»

«የእሱስ ቀኖና?»

«የእሱን ለእኔ ተዪው።»

አሮጊቷን አሰብኩ። «ይሁን» አልኩ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን የሚሉት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ አንድ ክፍል ነው። ሃያ ሦስቱ ነጭ ለብሰው ቆሙ፤ አሮጊቷን በወንበር ተሸክመው አምጥተዋታል። ባለቤቴ በተላጨ ራሳቸው ላይ ጥምጥም አድርገው ወደ እኔ መጡ። ነጠላዬን ፈትቼ ዘረጋሁ። አንስተው ማኅደሩን ሳሙት። ገቡ። መሪጌታ ተከትሏቸው ገባ፣ በሩንም እሱ ዘጋው።

እኔ ደጁ ላይ ቆምኩ። የእሱ ዜማ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ስም ሲጠሩ እሰማለሁ፤ ወልደ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ እያሉ ሃያ ሦስቱን። እያንዳንዱ ሲጠራ ደረቴ ባዶ መሆኑ ይሰማኛል።

መጀመሪያ የወጣችው የአቶ በየነ ሚስት ናት። ከባሏ የተማረችው ጥቂት አማርኛ አላት። ልብሷ ረጥቦ፣ ግንባሯ ላይ ቅባቱ ያበራ ነበር። እጄን ይዛ ሳመችኝ።

«እማማ፣ አንቺ ለምን አልገባሽም?»

ከኋላዋ በሩ ክፍት ነው፤ መሪጌታ መጽሐፉን ሲያጥፍ ይታየኛል።

«መንገዱ አድክሞኝ ነው» አልኳት።